ቀን ሳይሆን ሳምንት የቆረጡ ሙሽሮች

ሙሽራዋ አብሮ አደጌ ናት። ሙሽራው የሚኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ደወለችልኝ። «ድግስ የለም። ድንኳን የለም። ተራራ ላይ ወጥተን፣ ቤተሰብ ብቻ ይዘን እንጋባለን። ወሩን አንቺ ምረጪልን» አለችኝ። ስራዬ ፎቶ ማንሳት ነው። ደጅ ስለምውል ብርሃኑንም ዝናቡንም ታውቀዋለች ብላ ነው። እኔም ወር መምረጥ የአንድ ማታ ስራ መስሎኝ እሺ አልኩ። እስከ ህዳር ወሰደብን።

ያንን አምስት ወር ከነምክንያቱ የምጽፈው አሁን አሁን እንዲህ ዓይነት ሰርግ የሚያስቡ ሰዎች ስለሚደውሉልኝ ነው። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ቦታ ነው። ቦታ ይገኛል። የሚከብደው ወቅቱ ነው።

የሙሽራዋ እናት ነገሩን ሲሰሙ «ልትኮበልል ነው እንዴ?» ነበር ያሉት። አልፈርድባቸውም። ለዚህ ነገር በአማርኛ የሚቀርበው ቃል ኮብለላ ነው፤ ኮብለላ ደግሞ ቤተሰብ ያቃቅራል። እዚህ ግን ማንም አልኮበለለም። ሽማግሌ ተልኳል፣ ልጃችንን ሰጥተናል ተብሏል። የቀረው አምስት መቶው እንግዳ ነው።

መጀመሪያ የነበራቸው «ሁለታችን ብቻ» የሚል ሀሳብም አላስኬደም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚፈጸም ጋብቻ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ምስክር ይጠይቃል። ስለዚህ ሰው ቢቀነስ ቢቀነስ ስድስት ነው። ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅም ያስፈልጋል። ያንን ወረቀት ከተማ ውስጥ ለብቻው ለመጨረስ ወሰኑ፤ ተራራው ለቃል ኪዳኑና ለምርቃቱ ይሁን ተባለ። በመጨረሻ አስራ አንድ ሆንን፦ ሁለቱ ሙሽሮች፣ አራቱ ምስክሮች፣ የእሷ እናትና አባት፣ የእሱ እናት፣ የእሷ አያት እና እኔ።

ቦታው ቶሎ አለቀ። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው ሰሜን ተራሮችን ነበር። በዚያ ዓመት ግን ወደዚያ መንገድ አሮጊት ይዞ መውጣት የሚታሰብ አልነበረም። ወንጪን መረጥን። ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ በኩል 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአምቦና በወሊሶ መካከል። የጠፋ እሳተ ገሞራ አፋፍ ላይ ትቆማለህ፤ ከታች ሐይቁ፣ ሐይቁ ላይ ደሴቷ፣ ደሴቷ ላይ ቂርቆስ ቤተክርስቲያን። አፋፉ ላይ መኪና ይደርሳል። እማማ፣ ማለት የሙሽራዋ አያት፣ ቁልቁለት መውረድ ሳይጠበቅባቸው ሁሉን ያያሉ። ለእኔ ከውበቱ በላይ ይሄ ነበር ቁም ነገሩ።

ከዚያ ወሩ መጣ። እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ወር ነበረው።

ሙሽራው ያለው ሐምሌን ነው። «የዓመት ፈቃዴ ያኔ ነው፣ ወይ ዘንድሮ ወይ ለከርሞ» አለ። ከውጭ የሚመጡ ሙሽሮች ሁሉ የሚገቡበት ጣጣ ነው። እዚያ በጋው የእረፍትና የሰርግ ጊዜ ነው፤ እዚህ በዚያው ወር ሰማዩ ተቀዶ ይዘንባል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከዓመቱ ዝናብ ትልቁን ድርሻ የሚያገኙት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ነሐሴ ከገባ ደግሞ የፍልሰታ ጾም አለ። በስልክ አምስት ደቂቃ አልፈጀብንም። ገባው።

የሙሽራዋ ወር መስከረም ነው። አደይ አበባ። ማን ይፈርድባታል? ዓመቱን ሙሉ ጠፍታ ለጥቂት ሳምንት ብቻ የምትመጣ አበባ ናት። ሜዳው ሁሉ ቢጫ ሲሆን የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ መሃሉ ላይ መቆም ፈለገች። እኔም መስከረምን ወድጄው ነበር። የዝናቡ ወራት አቧራውን ስለሚያጥበው አየሩ ከዓመቱ ሁሉ የጠራ ነው። ተራራው ሩቅ ሆኖ እንኳ ቅርብ ይመስላል።

እማማ ግን ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «መስከረም ክረምት ነው ልጄ» አሉኝ። እኔ ፀደይ ነው አልኩ፤ ትምህርት ቤት የዘፈንነውም እንደዚያ ነው። እሳቸው ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩልኝ። በቤተክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ከዚያ መፀው ይገባል፣ እስከ ታህሳስ 25። ቀጥሎ በጋ። ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 በኋላ ያለው ነው። ቤት ገብቼ ሚቲዎሮሎጂዎቹ እንዴት እንደሚከፍሉት አየሁ። እነሱ ዓመቱን በሦስት ነው የሚያዩት፦ ክረምት፣ በጋ፣ በልግ። ክረምታቸው ከፈረንጆቹ ጁን እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ነው። መውጫው ላይ ከእማማ ቁጥር ጋር የአምስት ቀን ልዩነት ብቻ ነው ያለው።

ሌላም ነገር አለ። ክረምት አገሩን ሁሉ በአንድ ቀን አይለቅም። ከሰሜን ጀምሮ ወደ ደቡብ እየተጠቀለለ ነው የሚወጣው። መቀሌ ላይ መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይከፈታል። ደቡብ ምዕራቡ ግን ዝናቡን ቶሎ አይለቅም። ወንጪ ያለው በዚያ በኩል ነው። በፎቶ የምናየው የመስከረም ሜዳ አብዛኛው የሰሜኑ ነው።

ሙሽራዋ ይሄን ሁሉ ሰምታ «አይቼ ልመን» አለች። ልክ ነበረች። መስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሁድ፣ ሁለታችን ሄድን። መንገዱ ግራና ቀኝ አደይ ነው። መኪናውን አስቁማ ወርዳ አንድ እቅፍ ቀጠፈች። አፋፉ ላይ ስንደርስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ሐይቅ የለም። ከእግራችን ስር ነጭ ጉም ብቻ። ጉድጓዱ ወተት እንደሞላ ገንቦ ጢም ብሎ ነበር። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል እርጥቡ መሬት እንፋሎት ይለቃል፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ጉሙ ወደ እኛ ወጣ። አንድ ሰዓት ጠበቅን። ለአስር ደቂቃ ያህል ተገለጠና ደሴቷን አየናት። ስድስት ሰዓት ላይ ካፊያ ጀመረ፤ ሰባት ሰዓት ላይ ዶፍ ሆነ። ወደ መኪናው ስንሮጥ የግራ ጫማዋ ማጥ ውስጥ ቀረ። ሁለት እጇን አስገብታ አወጣችው። መኪና ውስጥ ሆና ጫማዋን በአደይዋ ቅጠል እየጠረገች «እማማን ይዤ እዚህ አልመጣም» አለች። መስከረም በዚያው ተዘጋ። የሚቀጥለው ቅዳሜና እሁድ ኢሬቻ ስለነበር መንገዱም አይመችም ነበር።

የሙሽራው እናት ከመጀመሪያውም «ጥር» ነበር የሚሉት። የሀገሩ ልማድ ከእሳቸው ጋር ነው። ጥር የሰርግ ወር የሆነው ያለ ነገር አይደለም። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፣ ስራ ቀለል ብሏል፣ ጠጅና ጠላ መጣያው አለ፣ ዝናብ የለም፣ ጾምም የለም። ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም ባለው ጊዜ አገር ይሞሸራል። ድንኳን ጥሎ አምስት መቶ ሰው ለሚጠራ ቤተሰብ ከጥር የተሻለ ወር አላውቅም።

እኛ ግን የምንጠራው ሰው የለንም። ተራራ ላይ ጥር ሌላ መልክ አለው። ሣሩ ደርቆ ገለባ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራ ያነሳል፤ ሰማዩ ሰማያዊነቱ ይፈዛል። ሰው ሁሉ በአንድ ወር ስለሚያገባ ፀጉር ሰሪው፣ መኪናው፣ ቪዲዮ ቀራጩ ሁሉ ተይዟል። እኔ ራሴ በጥር ከአንድ ሰርግ ወደ ሌላው ስሮጥ ነው የምከርመው። ለገናና ለጥምቀት የሚመጣው ዲያስፖራ ስለሚበዛም የአውሮፕላን ቲኬቱ ዋጋ አይቀመስም። ሙሽራው ቲኬቱን አይቶ ዝም አለ። ደግሞ ጸጥታ ፈልጎ ተራራ የወጣ ሰው ሌላ ሙሽራ ከነአጃቢዋ ተሰልፋ ፎቶ ስትነሳ ቢያገኝ ምን ይሰማዋል? ይሄን ለእናቱ የነገራቸው እሱ ነው። ወዲያው አልተቀበሉትም። ሁለት ሳምንት ያህል አኩርፈው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ያለውን ያነሱት የሙሽራዋ እናት ናቸው። በ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ስለነበር ዳግም ትንሣኤን አሳልፎ ሚያዝያ መጨረሻ ይሆናል ማለት ነው። በልግ ነው። ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት በረዶ። በዚያ ላይ ሙሽሮቹ ያን ያህል መጠበቅ አልፈለጉም።

የቀረው ከክረምት መውጫ እስከ ገና ጾም ያለው ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ወረቀትና እርሳስ ይዘን ከእማማ ጋር ቁጭ አልን። ያንን ከሰዓት አልረሳውም። ቡናው እየተፈላ፣ እሳቸው ከራሳቸው እያወጡ፣ እኔ እየጻፍኩ።

የነቢያት ጾም ህዳር 15 ይገባል። ስለዚህ ህዳር 14 ጥግ ነው። ከወዲህ በኩል ደግሞ ከመስከረም 26 ጀምሮ የጽጌ ጾም አለ። የፈቃድ ጾም ነው፤ ብዙ ሰው አይጾመውም። እማማ ግን ይጾሙታል። ህዳር 6 ቁስቋም ስትውል ይፈቱታል። ሙሽራዋ «ለእማማ የጾም እንሰራለን» ብላ ነበር። እኔ አልተዋጠልኝም። አስራ አንድ ሰው ብቻ ባለበት ማዕድ ላይ አንዷ ተለይተው ሽሮ ሲበሉ ይታያችሁ። ስለዚህ ከህዳር 7 እስከ ህዳር 14፣ ስምንት ቀን ቀረን። ረቡዕና አርብ ወጡ፤ ስድስት። ህዳር 12 ሚካኤል ነው፣ ያን ቀን እማማ ከደብራቸው አይቀሩም። ህዳር የሚታጠነውም በዚያው ቀን ነው። በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ጀምሮ አዲስ አበባ በየዓመቱ ቆሻሻዋን ሰብስባ የምታቃጥልበት ቀን ስለሆነ ከተማው በጭስ ይታፈናል። ወጣ። አምስት። ቅዳሜ ህዳር 7 እና እሁድ ህዳር 8 ወንጪ ጎብኚ ይበዛል። ሰኞ 9 እና ማክሰኞ 10 ቀሩ፤ ቅዳሜ 14ንም ጎብኚ ቢበዛበትም ለመጠባበቂያ ያዝነው።

ስሌቱ የጾም ብቻ እንዳይመስላችሁ። እነዚያን ቀናት ከአየሩም አንጻር መርምረናቸዋል። ህዳር ላይ ዝናቡ ወጥቷል፣ ሣሩ ግን ገና አረንጓዴ ነው፤ አቧራውም አልተነሳም። ገብሱ ወደ ቢጫነት ሄዷል። አደይ የለችም፣ እሱ ቀረ። በምትኩ ብርድ አለ። ሰማዩ ደመና ስለሌለው መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት ሁሉንም ትለቀዋለች። ከፍታው ሲጨምር ደግሞ ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። የወንጪ አፋፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሌሊቱ ስምንት ዲግሪ ሲሆን እዚያ ውርጭ ደጃፍ ላይ ነው።

ጥቅምት 24 እንደገና ሄድኩ፤ አሁን ከሙሽራዋ አባት ጋር። በጎህ ደረስን። የመረጥነው ሜዳ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነበር፣ ከነፋስ ይከልላል ብለን። ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር፤ ስረግጠው ይሰበራል። ሃምሳ እርምጃ ከፍ ብሎ ያለው ተዳፋት ላይ ግን ጤዛ ብቻ። አባትየው ገበሬ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። «ብርድ እንደ ውሃ ነው፣ ዝቅታ ይፈልጋል» አሉኝ። ቦታውን ወደ ተዳፋቱ አዛወርነው። ሰዓቱንም በዚያው ቀን ወሰንን። ፀሐይ 12 ሰዓት ከሩብ ካለፈ በኋላ ትወጣለች። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጤዛው መድረቅ ይጀምራል። ከአምስት ሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ፀሐይዋም አናት ላይ መጥታ ዓይን ስር ጥላ ትጥላለች። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ተኩል። ሙሽራው በስልክ «ለምን ጀንበር ስትጠልቅ አይሆንም?» ብሎ ነበር። እሱ ባለበት አገር በበጋ ጀንበር እየተንቀራፈፈች ነው የምትጠልቀው፣ ምሽቱ ረጅም ነው። እኛ ጋ ቀኑ ከዓመት ዓመት በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሚለዋወጠው። ጀንበር ከዘቀዘቀች ወዲያው ጨለማ ነው። ከዚያ እማማን በብርድ፣ በጨለማ፣ በተራራ መንገድ መመለስ ነው። አላስገደደኝም፣ ተወው።

ከሦስቱ ቀናት አንዱን ብቻ ቁረጡ አላልኳቸውም። ይሄ ነው ከዚህ ጉዳይ ያገኘሁት ትልቁ ነገር። ሰኞ ይጀመራል፣ ሰኞ ካልሆነ ማክሰኞ፣ እሱም ካልሆነ ቅዳሜ። አምስት መቶ ሰው የጠራ ሙሽራ ቢዘንብም ባይዘንብም ያው ቀን ነው፤ ካርዱ ታትሟል፣ አዳራሹ ተከፍሏል፣ በሬው ታርዷል። አስራ አንድ ሰው ግን በስልክ ይዛወራል። ትንሽ ሰርግ ያለው ሀብት ይሄ ነው፤ ሰማዩን መጠበቅ ይችላል። ብዙ ሰው ሰርጉን ያሳንስና ቀኑን ግን እንደ ትልቅ ሰርግ በድንጋይ ላይ ይጽፈዋል። ለመጠባበቂያው ስንል ሙሽራው ፈቃዱን በሦስት ቀን አስረዘመ። ምስክሮቹም ከስራ ሳምንቱን አስፈቀዱ።

እሁድ ህዳር 8 ማታ ወሊሶ አደርን። ወሊሶ ከወንጪ ዝቅ ያለች ስለሆነች ሌሊቷ ለአሮጊት ይሻላል። ሦስት ሰዓት ላይ ቆርቆሮው መንጫጫት ጀመረ። ዝናብ። በህዳር! የሙሽራዋ እናት እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እማማ «ልጅ ሆና ድስት ትልስ ነበር፣ አልነገርኳችሁም?» አሉ፤ ድስት የምትልስ ልጅ በሰርጓ ይዘንብባታል ይባላል። ሙሽራዋ ልታለቅስ ደርሳ ነበር፣ ይሄን ስትሰማ ሳቀች።

ፈረስ የሚያከራየውን የወንጪ ልጅ ደወልንለት። «እዚህም ጥሏል። ነገ መሬቱ አይሆንም፣ ከነገ ወዲያ ግን ይደርቃል። ነፋሱ ዞሯል» አለን። የአገሩ ልጅ የተናገረውን ይዘን ሰኞን ተውነው። ማንም አልተጨነቀም። ሰኞ ሙሉ ቀን ወሊሶ ፀሐይ ስንሞቅ ዋልን። ሁለቱ እናቶች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ሲከትፉ አየኋቸው። ከኩርፊያው በኋላ ብዙ ሲያወሩ ያየሁት ያኔ ነው።

ማክሰኞ ህዳር 10። ከአፋፉ ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል። የእሁዱ ዝናብ የተጀመረውን አቧራ አጥቦት ነበር። ደሴቷ ላይ ያለው የቂርቆስ ጣሪያ ሲያብለጨልጭ በዓይን ይለያል። እማማ በጋቢ ተጠቅልለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሙሽራዋ ቀሚሷን ሁለት እጇ ላይ ሰብስባ በእርጥቡ ሣር ወጣች፤ ቦታዋ ላይ ስትደርስ ለቀቀችው። ጥለቱ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ በጤዛ ራሰ። ማንም «ቀሚስሽ» አላላትም።

ቃል ኪዳናቸውን ተናገሩ። እሱ መሃል ላይ ድምፁ ጠፋበት፤ ትንፋሽ ወስዶ ጨረሰ። ከፍታው ነው ወይስ ሌላ አላውቅም። አባት መረቁ። ከዚያ እማማ ተነሱ። ጋቢያቸውን አውልቀው ሁለቱን በአንድ ላይ አለበሷቸውና መረቁ፣ ረጅም ነበር። እኛ ስምንታችን «አሜን» ስንል ድምፃችን ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ተመለሰ። እሳቸው በስስ ነጠላ ብቻ ቆመው ነበር። ለዚያ ነው በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ተዳፋት ላይ መሆኑ ደስ ያለኝ፤ ፀሐይዋ ከጀርባቸው ደርሳላቸው ነበር።

አገልግሉ ተከፈተ። ዶሮ ወጡ እንደሞቀ ነበር። እማማም በሉ። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነፋሱ መጣ፣ የከሰሉን አመድ በተነው፤ ቡናውን መኪናው ጥግ አድርገን ጨረስነው። ስድስት ሰዓት ላይ ቁልቁል ጀመርን። ከመንገዱ ዳር ገበሬዎቹ ገብሳቸውን ያጭዱ ነበር። አንዷ እናት ማጭዷን ይዛ ቀና ብላ ለሙሽሮቹ እልል አለችላቸው።

ቅዳሜ ህዳር 14፣ የጾሙ ቅበላ ቀን፣ ያው አስራ አንዳችን እማማ ቤት ተሰብስበን ያለውን ጨረስን። ቀሚሱ ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ታጥቧል፣ ግን ጥለቱ ስር ስስ የሣር አረንጓዴ ቀርቶበታል። እናቷ በሎሚ እንሞክረው አሉ። እሷ እንዳይነካ አለች።